ሦስት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን

የአጋሮ የማታ ተማሪዎች ኬሚስትሪ እየተፈተኑ ነው። አንዷ ጥያቄ ሁሉንም አስጨንቃለች፦ ሦስት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፤ ሊኖሩ የሚችሉትን መዋቅሮች በሙሉ ሣሉ።

ዩምና የመጀመሪያውን ሣለች። ወዲያው ውጭ ሕፃን ልጇ አለቀሰ።

«ቲቸር፣ ላጥባው?»

ፈታኙ ጥላሁን ፈቀደላት። እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ሻጥ አድርጋ ወጣች። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አርግዛ ያቋረጠችው ትምህርት ነው። ባሏ አብዱልሃዲም ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ያንኑ ፈተና ይፈተናል።

ተመልሳ ስትቀመጥ ሁለተኛውን ሣለች። ጥላሁን ጠረጠረ። ወጣ ብሎ መግባት፣ ከዚያ መልስ! ጥበቃዋን አፊፋን ጠራት።

«ስትገባ በርብሪያት። እጅጌዋን፣ ሻሿን፣ አንድም እንዳይቀርሽ።»

ልጁ እንደገና ሲያለቅስ ጥላሁን ተከትሏት ወጣ። አማቷ አዴ ዙቤይዳ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሕፃኑን ያባብላሉ። ዩምና ተቀበለቻቸው፤ እስከ እግሩ በሻርፗ ሸፍና አጠባችው።

«ምን ነገሯት፣ እናቴ?» አለ ጥላሁን።

«ማሎ ቲቸር! እኔ ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል። ልጁ ራበው አልኳት።» ሳቅ አሉ። «ዘንድሮ ደግሞ ጡትም ይፈተሻል እንዴ?»

ጥላሁን አፈረ፤ ግን አልተዋትም። አፊፋ በሩ ላይ በረበረቻት። ከእስክሪብቶዋ በቀር ምንም የለም።

«አንዲት ነገር ባገኝብሽ ወረቀትሽን እቀድደዋለሁ፤ ትምህርቱም በዚያው አበቃ» አላት።



አጠገቧ ቆሞ አያት። ለእያንዳንዱ ካርቦን አራት ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። ኦክስጅኑን ጫፍ ላይ ጻፈች፣ ሰረዘች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ቀስ ብላ ሁለት ካርቦኖች መሃል አስገባችው። ሦስተኛው መዋቅር ዓይኑ እያየ ተገኘ። ማንም አልነገራትም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አላት ዝቅ ብሎ። «ክፉ አሰብኩ።»

ዩምና ቀና ብላ አላየችውም።

ልጁ ሲያለቅስ ጥላሁን ራሱ በሩን ከፈተላት። «ሂጂ፣ አጥቢው። ማንም አይነካሽም።»

ጥቂት ቆይቶ የጎን ክፍሉ ፈታኝ የቀረውን ሰዓት ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ አዴ ዙቤይዳ መስታወት በሌለው መስኮት ሕፃኑን ላባቱ አቀበሉት፤ አብዱልሃዲም ልጁን ሳመና ትንሿን እግር ገልብጦ ከውስጥ እግሩ ላይ ሦስተኛውን መዋቅር ወደ ወረቀቱ ገለበጠ።