ደመቀ ከዳህላክ ሲመለስ

ደመቀ ከጭነት መኪናው ወርዶ ወደ እኔ አይመጣም። ቀጥ ብሎ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ሀብተወልድ ሱቅ ይገባል።

እጄ በርበሬው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። እዚህ በርበሬ በረንዳ ሹፌር ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው አደራ ወደሰጠው ሰው ነው። ቀድሞ የእድር ዳኛ ዘንድ ከገባ፣ ያው መርዶ ነው። መርዶ ለእናት በቀጥታ አይነገርም። ዳኛው ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እሷ መጨረሻ ላይ ትሰማለች። እኛም ስንቷን እናት እንዲህ አድርገን አርድተናል።

ልጄ በሽር ዳህላክ ነው። ምጽዋ ለጉልበት ሥራ ብሎ ወርዶ፣ ደሴቱ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ ተቀጠረ። ባሕር ውስጥ እየጠለቀ መረብ ይፈታል አሉኝ። የመርካቶ ልጅ ውሃ የሚያውቀው በባልዲ ነው፤ ምን አቀበጠው? ባለፈው ወር ደግሞ ወደዚያ የሚሻገር ጀልባ ሰመጠ የሚል ወሬ ገበያውን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከልጄ ምንም አልሰማሁም። ሄጄ እንዳላይ መንገዱ ጦርነት ነው፣ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከለከለኝ። ወደ ደሴቱ የሚሻገረውን ዱቄት እስከ ምጽዋ የሚያደርሰው ደመቀ ነውና፣ "በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተሻግረህ በዓይንህ አይተህልኝ ና" አልኩት።

ጋሼ ሀብተወልድ ከሱቃቸው ብቅ ይላሉ። ያዩኛል፣ ቶሎ ዞር ይላሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ጎረቤቴ ሐዋ የሰው መቀመጫ እንዲሆን ከረጢቶቿን ወደ ጥግ ትጎትታለች። ፊት ለፊት ያለው ቅመም ነጋዴ ጣሰው ሚዛኑን አስቀምጦ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ዝቅ ያደርጋል። ማንም አልነገራቸውም፤ እንደ እኔው አይተው ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ደመቀ መሬት መሬት ያያል።

"ዙህራ፣ እስቲ ቁጭ በይ" ይላሉ ጋሼ ሀብተወልድ።

"አልቀመጥም። እንደቆምኩ ይንገሩኝ።"

"በሽር ለእኔም ልጄ ነው። ያጠፋው ነገር ካለ ይቅር በይው ልልሽ ነው የመጣሁት።"

ለሞተ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው።

"የት ቀበራችሁት?" እላለሁ።

ደመቀ ቀና ይላል። "ማንን?"

"ልጄን።"

"ኧረ እትዬ ዙህራ! በሽር ደህና ነው። ከእርስዎም ከእኔም የተሻለ ደህና ነው።"

"ታዲያ ጋሼ ሀብተወልድ ዘንድ ምን ወሰደህ?"

አንገቱን ያካል። "አግብቷል። እርስዎን ሳያስፈቅድ፣ እዚያው የደሴቷን ልጅ። መሊካ ትባላለች። እናቴ ትገድለኛለች፣ ሽማግሌ ይዘህ ግባ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ፈራሁ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱንም በዘነዘና ነበር የማባርራቸው። ያሰብኩለት ልጅ አለች፣ እናቷን ሳይቀር አነጋግሬያለሁ። አሁን ግን ከረጢት ላይ ዘጭ ብዬ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ሐዋ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ያንን ሁሉ ከረጢት ስትጎትት ቆይታ፣ አሁን ነው የምታለቅሰው።

"በዓይንህ አየኸው?"

"በዓይኔ። ከባሕር ሲወጣ ነው የደረስኩት። ዓይኑ ላይ መስታወት፣ አፉ ላይ ጫፉ ከውሃ በላይ የሚቀር ቱቦ አድርጎ። ለእኔም አጥልቆልኝ ራሴን ውሃ ውስጥ ነከረኝ። እትዬ ዙህራ፣ ታች ሌላ አገር አለ። ዓሣው ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ድንጋዩ አበባ ያወጣል። እኔ ልሞት ነው እያልኩ እፈራገጣለሁ፣ ልጅዎት እጄን ይዞ ይስቅብኛል።"

"ውሃው ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል?"

"ይተነፍሳል። በቱቦው።"

"እንዴት አድርጎ? አሳየኝ።"

ደመቀ ዙሪያውን ያያል። ጣሰው ከሱቁ ወጥቶ ቆሟል፣ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ጭነታቸውን አውርደው ያዩታል። ያ ግዙፍ ሹፌር እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ፊቱን ወደ መሬት ይደፋል፣ ከንፈሩን አሹሎ ቀስ ብሎ አየር ይስባል፣ ቀስ ብሎ ያወጣል።

እኔም አብሬው እተነፍሳለሁ።