አዲሱ ፍሪሲዮን

ኤምሊን ልጁ የገጠመለትን አዲስ ፍሪሲዮን በግራ እግሩ ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ።

«አሁንም ይከብዳል። ገመዱ ይሆናል።»

«ገመዱም አዲስ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው አጣመህ ገጥመኸዋል። እጅህ መቼ ሠርቶ ያውቃል? ቅዳሜ በመኪናዬ ተራራውን ልወጣ ነው እኮ!» ይህችን ትንሽ ፈጣን መኪና ሠላሳ ዓመት ሲጠግናት፣ ከእሱ በቀር ማንም ነድቷት አያውቅም።

ልጁ ጌቲን መፍቻውን እንደያዘ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ የአባቱን እግር እንደ ዕቃ ከፔዳሉ ላይ አነሣና ፔዳሉን በመዳፉ ተጫነው። ያለ ድምፅ እስከ ወለሉ ወረደ።

«ያረጀው ይሄ ነው» አለ፣ የአባቱን ጉልበት በመፍቻው መታ መታ እያደረገ። «ለዚህ ደግሞ መለዋወጫ አይሸጥም።»

ኤምሊን ቁልፉን ነቅሎ ሰጠው። አባቱ ሲወርድ አንድ እግሩ ገና መኪናዋ ውስጥ ሳለ፣ ጌቲን ወንበሩን ለራሱ ቁመት ወደ ኋላ ገፋው።