የሀጂ አብዱልወሀብ ፍሬቻ

ሀጂ አብዱልወሀብ በዚህ ዓለም ሥራውን በወጉ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ያውቃሉ፤ እሱም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የቀረው ሕዝብ ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ካልሆነም ሁለቱም ነው።

አርብ ዕለት ደሴ ላይ የጁምዓ ሶላት ሰግደው ሲወጡ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የመስጊዱ በር በሰው ተጨናንቋል፤ ዳር ለዳር የቆሙት ነጫጭ ፒክአፖች ታርጋቸው እስኪጠፋ ጭቃ ለብሰዋል። ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን የሳቸውን መኪና ትናንት ከኮምቦልቻ፣ ከመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሚስባህ ዘንድ አስጠግኖ ያመጣው፣ ጠዋትም እዚህ አምጥቶ ያቆመላቸው ልጃቸው ከሊድ ነው።

ሀጂ ገብተው ቁልፉን ሲያዞሩት እምቢ አላቸው። ሦስት አራቴ ወዘወዙትና በግድ ዞረ።

"ጃፓንም እንደ ሰዉ ተበላሽቷል" አሉ።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ እግራቸው ፍሬኑ ላይ በመከራ ደረሰ። ከሊድ እግሩን እንደ ግመል መዘርጋት ይወዳል። ልጅ አሳድጎ ሾፌር ማድረግ ትርፉ ይኸው ነው እያሉ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡት።

ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ አንድ ባለባጃጅ አጠገባቸው ደርሶ ጮኸ፦ "ሀጂ! የኋላ ቀኝ ፍሬቻዎ አይሠራም!"

ትናንት የተሠራው ፍሬቻ! የሀጂ ደም ፈላ። ቤት መግባታቸውን ትተው መሪውን ወደ ኮምቦልቻ አዞሩ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ በየመጠምዘዣው የቀኙን ፍሬቻ ያበራሉ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴዋ ቀስት አምፖል ሲቃጠል እንደምታደርገው በጥድፊያ ስትመታ ባዩ ቁጥር ሚስባህን ከነአያት ቅድመ አያቱ ይሰድባሉ።

ሚስባህ የሚሠራበት አንድ ክፍል የሀጂ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያበላው በዚያች ክፍል ነው። ሀጂ ሲያስገቡትም "አንዲት ሌብነት የሰማሁ ዕለት ትወጣለህ" ብለውት ነበር። እስከ ዛሬ አልሰሙም። አለመስማታቸውም ቢሆን ደስ አላሰኛቸውም፤ እንዲያውም ተንኮሉ የረቀቀ መሆኑን ነው ያሳያቸው።

"ውጣ!" አሉ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ። "ሠራሁት ያልከውን ፍሬቻ ና እየው።"

ሚስባህ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። "አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ። ምን ሆነ?"

"ወዐለይኩም ሰላም። የሆነውንማ አንተ ትነግረኛለህ።"

ሚስባህ ቁጢጥ ብሎ የመብራቱን ሽፋን በካቻቢቴ ፈታ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። አምፖሉ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የማሳ ሽቦም ዝጎ ተበልቷል።

"ሀጂ፣ ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አለ። "እኔ አዲስ አምፖል ነው ያስገባሁት። ማሳውንም በአዲስ ሽቦ ቀጥዬ በቀይ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ።"

"ቀዩ ፕላስተር የታለ?"

"እሱን እኮ ነው ያጣሁት።"

"አዲሱ አምፖልስ?"

ሚስባህ የጠቆረውን አምፖል ነቅሎ አገላብጦ አየው።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ ሀጂ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "አምፖል የሚልስ ግን ዛሬ ገና አየሁ!"

"ወላሂ ሀጂ፣ አልነካሁም!"

"ለአንዲት አምፖል አላህን ትጠራለህ?"

ሰው ተሰበሰበ። ከጎን ጎማ የሚጠግነው ሽማግሌው በሺር መፍቻውን አስቀምጦ መጣ። "ሀጂ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይረጋጉ። ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ምናልባት የሆነ ስህተት ተፈጥሮ ይሆናል።"

"የምን ስህተት? ቁልፉ የኔ፣ መኪናው የኔ፣ ግቢው የኔ! ሚስባህ፣ ስማኝ። ወይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሰርቄያለሁ፣ አፉ በሉኝ በል፤ ወይ ከመግሪብ በፊት ዕቃህን ይዘህ ውጣ።"

ሚስባህ ክፍሏን ዞር ብሎ አያት። በሺርን አየው።

"አፉ በሉኝ፣ ሀጂ።"

"ጨርሰው!"

"አምፖሉን... የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

ሀጂ እፎይ አሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ ማለት ይቻላል፤ ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ሚስባህ አንገቱን ደፍቶ አዲስ አምፖል አስገባ፣ ማሳውን አሰረ፣ በቀይ ፕላስተር ጠቀለለ። ፍሬቻው በወጉ መብራት ጀመረ።

"አየህ? ስትፈልግ ትችላለህ" አሉት። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰዎች፣ ይሄን ልብ በሉ! የሰው ሐቅ የነካ እጅ በዱንያም በአኼራም አያርፍም!"

ስልካቸው ጠራ። ከሊድ ነው። ልጁም የሌባውን ኑዛዜ ይስማ፣ ሰዉም የልጁን ምስክርነት ይስማ ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አባባ፣ የት ገቡ? መኪናችን እኮ ጠዋት ካቆምኩበት ንቅንቅ አላለም፤ ከጎኑ የነበረውን የሰው ፒክአፕ ግን አንዱ ሌባ ነድቶት ጠፍቶ፣ ፖሊስ እሱን ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል።"