የስመኝ ሳንቲም

«አንተ ሰውዬ፣ የባዳ ድምፅ ለቅመህ አልበቃህም?» ትርንጎ ባሏ ጌጡ ላይ ጮኸች።

ተቀብሮ የኖረ ሳንቲም የባለቤቱን ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ፣ ጌጡ በብረት ጠቋሚ መሣሪያው ሜዳ ለሜዳ ሲያስስ ይውላል። ሳንቲሙ የሚሰማው ግን መጀመሪያ በባዶ እጁ ለነካው ሰው ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ።

«የፈረሰው ግቢያችን ነበርኩ» አለ በደከመ ድምፅ፣ የፍም መቆንጠጫውን እየዘረጋ። ጫፉ ላይ በሚስማር የተበሳች ሳንቲም ነበረች፤ ሟች ልጃቸው ስመኝ ለእንቁጣጣሽ ዘፍና ያገኘቻት፣ ጓሮ ጠፍታባት ያለቀሰችላት።

የትርንጎ ቁጣ በረደ። «አንተስ?»

«እኔማ የስንቱን ሰማሁ። እንኪ።»

መዳፏ ላይ ጣለላት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯም እንደ ዱሮው ዘፈኑን ይቀበል ጀመር። ጌጡ መሣሪያውን አንስቶ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።