የስድስቱ ጨቅላዎች ፋይል

"እህቴ፣ ቢጫ ቢጫ ነው! የተለመደውን ቁጥር ስጪውና ፋይሉን ዝጊ!"

ዶክተሩ ነው እንዲህ የጮኸባት...

እሷ የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሥራዋ የታካሚ ፋይል እያነበበች ለየበሽታው የራሱን የኮድ ቁጥር መስጠት ነው።

ጨቅላ ሕፃን ቢጫ ሲሆን አንድ ቁጥር አለው። ቀይ የደም ሴሉ እየፈረሰ ቢጫ ከሆነ ግን... ቁጥሩ ሌላ ነው!

ይሄ ሁለተኛው በወር አንዴ ቢመጣ ነው። በዚያ ሳምንት ብቻ ስድስት ጊዜ መጣ።

"ዶክተር፣ የእናቶቹና የልጆቹ የደም ዓይነት አልተጋጨም። ታዲያ የስድስቱም ደም ለምን ይፈርሳል?"

"አንቺ ቁጥርሽን ጻፊ፤ ሕክምናውን ለእኛ ተይው።"

አንጀቷ እንቢ አላት። ፋይሎቹን ታቅፋ ወደ ጨቅላዎች ክፍል ወረደች።

ስድስቱም ቢጫውን በሚያክመው ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝተዋል... እናቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ምን በላሽ? ምን መድኃኒት ወሰድሽ? የሚያገናኛቸው ነገር ጠፋ።

በመጨረሻ አንዷ እናት የልጇን ሹራብ አቀበለቻት።

"ከዚህ ሽታ በቀር እኔ የማውቀው የለም እህቴ። ስወልድ እዚሁ ሆስፒታል ካለው የእርዳታ ልብስ ቁምሳጥን የሰጡኝ ነው፤ ባጥበው ባጥበው አይለቅም።"

"የእኛም!" አሉ ሌሎቹ።

ናፍታሌን! ልብስ ብል እንዳይበላው የሚደረገው ነጭ ኳስ... የአንዳንድ ጨቅላ ደም ሽታውን አይችለውም፤ ይፈርሳል። ይህን ድሮ አንድ ፋይል ላይ አንብባዋለች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ክው አለች።

ለምን መሰላችሁ?

ያንን ቁምሳጥን ያቋቋመችው ራሷ ነበረች! ለችግረኛ እናቶች ብላ ልብሱን ከየሰው ለምና፣ አጥባ፣ ተኩሳ... ኳሶቹንም በቅርቡ በየመሃሉ የከተተችው እሷው ናት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን "ከነገሩ ጦም እደሩ" ብዬ ኳሶቹን ጠርጌ ዝም እል ነበር።

እሷ ግን ሹራቡን ይዛ ዶክተሩ ፊት ቆመች።

"ዶክተር፣ ምክንያቱን አገኘሁት... እኔ ነኝ።"

ዶክተሩ ሹራቡን አሸተተና ከወንበሩ ብድግ አለ። ወዲያው ቁምሳጥኑ ባዶ ተደረገ። ልብሱን ይዘው ወደ ቤት ለሄዱት እናቶች ሁሉ ተደወለ።

ስድስቱም ዳኑ! ስድስቱም!! በቀጣዩ ወር ያ ቁጥር አንድም ጊዜ አልተጻፈም።

እያለቀሰች ይቅርታ ስትለምን ያቺ እናት ልጇን አስታቀፈቻት።

"ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር? ያዢው... ልጄን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ!"

ዶክተሩም መዝገብ ቤት ድረስ መጥቶ በባልደረቦቿ ፊት "የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ" አላት።

ወዳጆቼ፣ ደግ ሥራም ይሳሳታል። ሰውን የሚያድነው ግን "ጥፋቱ የእኔ ነው" ለማለት የሚደፍር አፍ ነው።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር... ወይስ እንደ እኔ ኳሶቹን ጠርጋችሁ ዝም? ሳታስመስሉ ጻፉልኝ 👇