የዘጠኝ ቁጥር ባዶ ወንበሮች

ጋሽ ፍሬን የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው፤ ከኋላ እየሮጠ የሚመጣ ሰው በመስታወት ካዩ፣ ጉዞ ጀምረውም ቢሆን ፍሬን ይይዛሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ ሰፈሩ ተመላልሰዋል። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ማወቅም አይፈልጉም።

እንግዲህ እንዲህ ባሉ ሰው ላይ ነው የምድር ውስጥ ባቡር የመጣባቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሰፈሩ አዳራሽ ነው። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ካርታ ሰቅሎ፣ ከተማው ዳር ላይ የሚያልቀው መስመር እስከዚህ ይዘርጋ ወይስ ይቅር ሲል ጠየቀ። አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ።

«ይዘርጋ እንጂ» አለች የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት። «እኔ ዕቃ ላመጣ ከተማ ስሄድ ቀኔ መንገድ ላይ ያልቃል። በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ እንደሆነ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ ነው የሚሄደው።»

«ሃያ ደቂቃ ከሆነማ ሰው ዳቦውንም ከተማ ሊገዛ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ደግሞስ ጋሽ ፍሬንን የት ልንጥላቸው ነው?»

«ይጣሉ አልኩ እንዴ? ባቡር ይምጣ ነው ያልኩት።»

«አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳላ፣ እህቴ።»

ጋሽ ፍሬን ተነሱ። «እኔ ንግግር አልችልበትም» አሉ። «ግን ባቡር ለሮጠ ሰው አይቆምም።» ይህን ብለው ቁጭ አሉ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ሰውዬው «ባለሙያ ያጠናና ይወሰናል» ብሎ ካርታውን ጠቀለለ።

እሁድ አመሻሽ ላይ፣ በመጨረሻው ጉዞ፣ አንዲት ደብተር የያዘች ሴት አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እንደ ሰው አልከፈለችም፤ መታወቂያ ብልጭ አድርጋ አለፈች። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ የኋላው በር እንደ አመሉ አልዘጋ ሲል፣ ከታች በኩል በጫማዋ ጠቅ አደረገችውና ተዘጋ። ይህቺስ ብልህ ናት፣ አሉ ጋሽ ፍሬን በሆዳቸው። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያሉትን ሁለት ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ስትቆጥርና ስትጽፍ በመስታወት አዩ። ብልህነቷ ወዲያው አስጠላቸው።

ማታ ለሚስታቸው ነገሯት። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌውን ከአፏ አውጥታ አሰበች።

«ሰው ከበዛ፣ ባቡር ያስፈልጋቸዋል ይላሉ» አለች። «ሰው ከሌለስ ለማን ብለው ይቆፍራሉ?»

ጋሽ ፍሬን ሚስታቸውን ግንባሯ ላይ ሳሟት። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ወሬውን ከዳቦው ጋር በየቤቱ አደለው፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ሰፈሩ መከረ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሰው ጠፋ። ተማሪው በእግሩ፣ ጎልማሳው በብስክሌት፣ አዛውንቱ በዳቦ ጋጋሪው መኪና ከዱቄት ጆንያ ጋር ሄደ። አንድም ያማረረ የለም። ጋሽ ፍሬን ባዶ አውቶቡስ እየነዱ ሲያልፉ ሰዉ ከዳር ሆኖ እጁን ያውለበልብላቸዋል፤ እሳቸውም ፍሬን ሳይነኩ ያልፋሉ። እንዲህ የሚወዷቸው አይመስላቸውም ነበር። አንዴማ እንባ ስለተናነቃቸው ቀይ መብራት ሊጥሱ ነበር።

ሴራውን አልቀበልም ያለች የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ብቻ ናት። ከተማ ጉዳይ ሳይኖራት በቀን ሦስት ጊዜ እየተሳፈረች ቆጣሪዋ ፊት ትጎለታለች።

«የኔ እህት፣ እኔን ጽፈሽኛል?»

«ተጽፈዋል።»

«በደንብ አድርገሽ ጻፊኝ።»

ጋሽ ፍሬን በመስታወት ገላመጧት። ምቀኛ አይጠፋም ማለት ይሄኔ ነው።

በመጨረሻው ቀን ቆጣሪዋ ወደ ፊት መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ሁሌም እንዲህ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ሁሌም» አሉ። ውሸት ስላልለመዱ ጆሯቸው ጋለ።

«ቅዳሜ እንኳን?»

«ቅዳሜማ ጭራሽ።»

«የሰማሁት እኮ ሌላ ነበር» አለችና ደብተሯን በሐዘን ዘጋችው። ጋሽ ፍሬን አፋቸው ላይ የመጣውን ዘፈን እንደምንም ዋጡት።

በሳምንቱ አዳራሹ ዳግም ሞላ። የባቡሩ ሰውዬ ካርታ እንኳን አልያዘም። «ከመሬቱ ሥር ውሃ በዛብን» አለ። «መስመሩ እዚህ አይደርስም።»

«ተሳፋሪ የለም ማለት አፍሮ ነው» አሉ ጋሽ ፍሬን በሚስታቸው ጆሮ። «ይሁንለት፣ ውሃ ይበል።» ዳቦ ጋጋሪው አቅፎ ከመሬት አነሳቸው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ጋሽ ፍሬን አሸንፈዋልና፣ እሷም ሳትቀር አሳዘነቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር ጢም ብሎ ሞላ። የቆመው ከተቀመጠው በለጠ፤ ከኋላ የሚዘፍኑም ነበሩ። ጋሽ ፍሬን ሦስት ጊዜ ለሮጠ ሰው ቆሙ። ሦስተኛዋ ሯጭ ቆጣሪዋ ነበረች፤ ደብተር የላትም፣ ፖስታ ይዛለች። በሩ ላይ እንደቆመች ወደ ውስጥ አይታ አፏን ያዘች።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» አለች።

«የኔ ሰዎች ናቸው» አሉ ጋሽ ፍሬን ደረታቸውን ነፍተው። «አይዞሽ ልጄ፣ መሸነፍ ያለ ነው። ግቢ፣ ቦታ ይፈለግልሻል።»

ፖስታውን ሰጠቻቸው። «ጮክ ብለው ያንብቡት» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ። ዘፈኑ ቆመ፣ ጋሽ ፍሬንም መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦

«ከአውቶቡስ ድርጅት፣ ለመስመር ዘጠኝ ሾፌር። ሁለተኛ አውቶቡስ ለመጨመር አስበን ባደረግነው የሁለት ሳምንት ቆጠራ በቀን ከሦስት በላይ ተሳፋሪ ስላልተገኘ፣ መስመሩን ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የዘጋነው መሆኑን እናሳውቃለን።»