ከስድስቱ አንዱ

ፈንታነሽ ከገሳይ ተነሥተው ደብረ ታቦር እስኪደርሱ የልጇን እጅ አልለቀቀችም። መክሊት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴት ግን ስሟን የጠየቁት እናቷን ነበር። ልጅቱ በመስኮት ታያለች፤ ሲያናግሯት ዝም ብላ ትስቃለች።

ከሾፌሩ ጎን የፈንታነሽ ሟች ባል ታላቅ ወንድም አያ ዘመኑ ተቀምጠዋል። እግራቸው መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ የማር ጀሪካን አለ። «ለሰው ነው» ከማለት በቀር የማን እንደሆነ አልተናገሩም።

ነገሩ በሽማግሌ የተቆረጠ ነው። አያ ዘመኑ መክሊትን በደላላ ወደ አረብ አገር ሊልኳት አሰቡ። ፈንታነሽ አለቀሰች። «ልጄ ማጅራት ገትር ከያዛት ወዲህ አእምሮዋ አልተመለሰም። እንኳን የሰው አገር፣ ወፍጮ ቤት ሄዳ መመለስ አትችልም» አለች። ቤቱ የአያ ዘመኑ ነው፤ መሬቱንም የሚያርሱላት እሳቸው ናቸው። ብቻዋን እምቢ ብላ የት ትደርሳለች?

«ውሸት ነው!» አሉ አያ ዘመኑ በሽማግሌዎቹ ፊት። «ይቺ እኔ ስመጣ ነው የምትፈዝ። አስመሳይ!»

በታመመች ልጅ ላይ እንዲህ ማለታቸውን የወደደ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ከተማ የሰው አእምሮ የሚመዝን መምህር አለ፤ እሱ ይያት። ትችላለች ካለ ትሂድ። አትችልም ካለ ዘመኑ ነገሩን ይተው፤ እናትና ልጅም ከቤቱ አይነኩ። ሁለቱም ወገኖች የቄሱን መስቀል ስመው ተለያዩ።

የፈንታነሽ ትልቋ ልጅ እሌኒ ከዚያው ከአረብ አገር የተመለሰች ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሆኖ ነበር የመጣው። ክንዷ በካውያ ተጠብሷል። ዛሬም በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች። የመክሊትም ሕመም የጠናው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመምህሩ ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷ በብረት የተከረቸመ። አያ ዘመኑ ቀድመው ገቡ። ፈንታነሽ ከደጅ ሆና መምህሩና እሳቸው ሲሳሳቁ ሰማች። ሲወጡ ጀሪካኑ እጃቸው ላይ የለም።

ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዞራ አማተበች። «ጌታዬ፣ ይቺን እንኳ አስቀርልኝ።»

ከዚያ የልጇን ነጠላ አስተካከለችላት። «በይ የኔ እናት፣ እንዳልሁሽ። አትፍሪ።»

መምህር ደጀን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ለስለስ ያለ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚያ ጥግ ይቀመጡ። እንዳይነግሯት አደራ።»

«ምን አውቄ ልንገራት ብለህ፣ ልጄ?»

ወረቀቱን ዘረጋ። እንደ ሰፌድ ጌጥ የተደረደረ ሥዕል ነው፤ አንድ ጥጉ ተቆርጦ ጎድሏል። ከሥሩ ስድስት ቁራጮች አሉ።

«የጎደለው ላይ ልክ የሚገባው የትኛው ነው? መናገር የለብሽም፤ በጣትሽ አሳዪኝ።»

መክሊት ጣሪያውን አየች። ጥፍሯን ነከሰች። ከዚያ ባለ ነጠብጣቡን አሳየች። የሚገባው ባለ መስመሩ እንደሆነ ፈንታነሽ እንኳ ከጥግ ሆና ታየዋለች።

መምህሩ ቀጣዩን ገለጠ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሥዕሉ እየተወሳሰበ ሄደ፤ ፈንታነሽ ከሦስተኛው በኋላ ምኑም አልገባትም። የመክሊት ጣት ወረቀቱ ላይ ከማረፉ በፊት አየር ላይ ትንሽ ቆም ይልና ወደ ጎን ይሄዳል። መምህሩ ዓይኑን ከጣቷ ላይ አልነቀለም።

በሩ ገርበብ አለ። አያ ዘመኑ አንገታቸውን አስገቡ። «እንዴት ናት መምህር? እንዳትሸውድህ!»

«ውጭ ይጠብቁን አባቴ።»

«እሺ፣ እሺ። ለአንተው ብዬ ነው።»

ፈንታነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ለአንተው! እንዲህ ያለ ወዳጅነት ከመቼ ወዲህ?

መጨረሻ ላይ መምህሩ ወረቀቱን ሰብስቦ አያ ዘመኑን ጠራቸው።

«ከሠላሳ ስድስቱ ጥያቄ አንዱንም አላገኘችም» አለ።

ፈንታነሽ ትንፋሿን ለቀቀች። ይኸው፣ ማሩም አልጠቀማቸው! አያ ዘመኑ ፊታቸው ጠቆረ።

«ግን ደስ ይበላችሁ» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ፈንታነሽን አላማራትም። «ያልገባው ሰው ዝም ብሎ ሲጠቁም ከስድስት አንዱን በዕድል ያገኛል። ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ያገኛል። ይህን ሁሉ ጥያቄ አንድ ሳይቀር ለመሳት መልሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጅዎ የጤነኛ ጤነኛ ናት፣ እማማ። እንዲያውም ከተማሪዎቼ ብዙዎቹን ትበልጣለች። ለምን እንደደበቀችው ግን አላውቅም።»

«አላልሁም?» አያ ዘመኑ ጭናቸውን መቱ። «አላልሁም እናንተ? አሁንስ ምን ትይ ይሆን ፈንታነሽ?»

«በማር ገዙህ!» ፈንታነሽ ከወንበሯ ተነሣች። «በታመመች ልጅ ላይ! አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?»

«የምን ማር?» አለ መምህሩ።

አያ ዘመኑ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ደላላውን «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ማርህን እዚሁ ከበሩ ኋላ አስቀምጬልሃለሁ፤ ፓስፖርቱን ጀምርላት» እያሉ ወደ ደጅ እየወጡ ነበር። መምህሩ ግራ ገብቶት ውኃ ሊያመጣ ተከትሎ ወጣ።

ፈንታነሽ የመስኮቱን ብረት ይዛ ቆመች። መክሊት ከኋላዋ መጥታ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ በጆሮዋ ቀስ ብላ አለቻት፦

«እማ፣ ሁሉንም ሳቺ አልሽኝ እንጂ፣ አንዱን እንኳ አግኚ መች አልሽኝ?»